ካፒቴን ኩስቶ፡ የባሕሩ ሰው፣ መጻሕፍቱና በስሙ የሚወራው ወሬ



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ለዛሬው ዝግጅታችን መነሻ የሆነን አንዲት እናት የላኩልን ደብዳቤ ነው። አማታቸው በረመዳን ማታ ከተራዊሕ መልስ የልጅ ልጆቻቸውን ሰብስበው ሲያጫውቱ፣ ኩስቶ የሚባል ፈረንሳዊ የባሕር ተመራማሪ ከውሃ በታች ሁለት የማይቀላቀሉ ባሕሮችን አይቶ፣ ይህ ነገር በቁርኣን ውስጥ እንዳለ ሲነገረው ወዲያው ሸሃዳ ያዘ ብለው ይነግሯቸዋል። የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ ግን በኋላ ባነበበው መጽሐፍ ውስጥ ሰውየው ሲሞት ጸሎተ ፍትሐት የተደረገለት በካቴድራል መሆኑን ያገኛል። እናቱን ለብቻዋ ጠርቶ "አባባ ዋሽቶናል ማለት ነው?" ይላታል። እናቲቱም "ለልጄ ምን ልመልስለት? አማቴንስ እንዴት አድርጌ ልንገራቸው?" ሲሉ ጽፈውልናል።

እውነቱን ለመናገር ደብዳቤውን ስናነብ አፍረናል። ምክንያቱም ከዓመታት በፊት እኛም ራሳችን ይህንኑ ታሪክ በአንድ የተፍሲር ደርስ ላይ ተናግረነዋል። ከካሴት ሰምተነው ነበር። ሲያምርልን ጊዜ የማን ወሬ እንደሆነ ሳንጠይቅ ለሰው አቀበልነው። ያኔ ከተቀመጡት ወንድሞች መካከል አንዱ "ኡስታዝ፣ በየትኛው መጽሐፉ ላይ ነው የተናገረው?" ብሎ ሲጠይቀን የምንመልሰው አልነበረንም። ከዚያ በኋላ ነው የሰውየውን ታሪክና ስለ መጻሕፍቱ የተጻፈውን መፈለግ የጀመርነው። ዛሬ ያገኘነውን እናካፍላችኋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዣክ-ኢቭ ኩስቶ የተወለደው ጁን 11 ቀን 1910 በፈረንሳይ፣ በቦርዶ ከተማ አቅራቢያ በምትገኝ ሳን-አንድሬ-ደ-ኩብዛክ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በ1930 በብሬስት ከሚገኘው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ። ልቡ ግን ያለው ሰማይ ላይ እንጂ ባሕር ውስጥ አልነበረም፤ የባሕር ኃይል አውሮፕላን አብራሪ ለመሆን ይሠለጥን ነበር። በ1936 ሌሊት ሲነዳ መኪናው ተገልብጦ ክንዶቹ ተሰበሩ። የአብራሪነቱ ነገር በዚያው አበቃ። የምንጠላው ነገር ኸይር ሊኖረው እንደሚችል ቁርኣን ያስተምረናል፤ የዚህ ሰው ዕድሜ ዘመን ሥራ የተወለደው ከዚያ ስብራት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ክንዶቹን ለማጠንከር በቱሎን ባሕር መዋኘት ጀመረ። ፊሊፕ ታይዬ የተባለ የባሕር ኃይል ጓደኛው ውሃ የማያስገባ መነጽር ሰጠው። ኩስቶ ፊቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ የታችኛውን ዓለም ባየ ጊዜ ሕይወቱ እንደተለወጠ በኋላ ራሱ ጽፏል።

በዚያ ዘመን ሰው ባሕር ውስጥ የሚወርደው እንዴት ነበር? አንደኛው መንገድ ትንፋሽን ይዞ መጥለቅ ነው። የዳህላክና የዐረብ ባሕረ ሰላጤ ሉል ጠላቂዎች ለዘመናት የሠሩት ይህንን ነው፤ አንድ ትንፋሽ እስከቻለችው ድረስ ብቻ ነው። ሁለተኛው ከባድ የመዳብ ቆብ ደፍቶ፣ የእርሳስ ጫማ ተጫምቶ፣ ከመርከብ በሚወርድ ቱቦ አየር እየተሰጡ መሬቱን መራመድ ነው። ቱቦው እንደ ታሰረ በግ ገመድ ነበር፤ ከእርሱ ርዝመት ማለፍ አይቻልም። ኩስቶ የፈለገው ግን ሰው አየሩን በጀርባው ተሸክሞ እንደ ዓሣ ያለ ገመድ እንዲሄድ ነው።

ችግሩ አየሩን መሸከም አይደለም፤ አየሩን መመጠን ነው። ከባሕር ወለል አሥር ሜትር ስንወርድ በሰውነታችን ላይ ያለው ግፊት እጥፍ ይሆናል፤ ከዚያም በየአሥር ሜትሩ ያንኑ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ወደ ሳንባችን የሚገባው አየር ግፊት ከውሃው ግፊት ጋር እኩል ካልሆነ መተንፈስ አንችልም። በጦርነቱ ጊዜ ፈረንሳይ በጀርመኖች ተይዛ ቤንዚን ጠፍቶ ስለነበር፣ ኤሚል ጋኛን የሚባል የአንድ ጋዝ ኩባንያ መሐንዲስ መኪኖች በጋዝ እንዲሠሩ የሚያደርግ ትንሽ የጋዝ መመጠኛ ሠርቶ ነበር። የኩስቶ ባለቤት የሲሞን አባትም በዚያው ኩባንያ ውስጥ ይሠሩ ስለነበር ሁለቱ ሰዎች ተገናኙ። ኩስቶ የሚፈልገውን ሲያስረዳው ጋኛን ያቺኑ የመኪና መመጠኛ አሳየው ይባላል። በ1943 መጀመሪያ ላይ በፓሪስ አቅራቢያ በማርን ወንዝ ሞከሯት። ኩስቶ ቀጥ ብሎ ሲቆም አየሩ በከንቱ ይፈስሳል፤ ተገልብጦ ሲጠልቅ ደግሞ አየር ያጥረዋል። ምክንያቱን ሲፈልጉ የተቃጠለው ትንፋሽ የሚወጣበት ቀዳዳና አየር የሚገባበት ቦታ ከፍታቸው የተለያየ ሆኖ አገኙት። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያደርጓቸው ተስተካከለ። በዚያው ዓመት በጋ ኩስቶ በሜዲትራኒያን ባሕር ገብቶ እንደልቡ ተገላበጠ። "የውሃ ሳንባ" የሚል ስም የወጣለት ይህ መሣሪያ ዛሬ በዓለም ላይ ጠላቂዎች ሁሉ ከሚጠቀሙበት ዕቃ መሠረቱ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ከታይዬና ከፍሬዴሪክ ዱማ ጋር ሆኖ በባሕር ኃይሉ ውስጥ የጠላቂዎች ክፍል አቋቋሙ፤ ወደቦች ውስጥ የተቀበሩ ፈንጂዎችን ያነሱ ነበር። በ1950 አንድ ሀብታም እንግሊዛዊ ካሊፕሶ የተባለችውን መርከብ ገዝተው በዓመት በአንድ ፍራንክ ኪራይ ሰጡት። ካሊፕሶ በጦርነቱ ጊዜ ፈንጂ ጠራጊ የነበረች፣ በኋላም በማልታ ደሴቶች መካከል ሰው የምታመላልስ የእንጨት መርከብ ናት። ባለቤቱ ሲሞን በዚህች መርከብ ላይ ከእርሱ የበለጠ ጊዜ ኖራለች ይባላል። መርከበኞቹ "እረኛዋ" ብለው ይጠሯት ነበር። ካሜራው ግን እርሷን ብዙም አያሳይም፤ ከታላላቅ ወንዶች ጀርባ ያሉ ሴቶች ታሪክ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው።

የካሊፕሶ የመጀመሪያው ትልቅ ጉዞ ከ1951 እስከ 1952 ወደ ቀይ ባሕር ነበር። በሳዑዲ ዐረቢያ ዳርቻ በሚገኙት የፈረሳን ኮራሎች መካከል ሰነበቱ። ይህ ውሃ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች (ረ.ዐ.) ወደ ሐበሻ የተሻገሩት በዚሁ ባሕር ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በ1963 ኩስቶና ባልደረቦቹ በሱዳን፣ ከፖርት ሱዳን አቅራቢያ ሻዕብ ሩሚ በተባለው የኮራል ክምር ላይ በአሥር ሜትር ጥልቀት ውስጥ የብረት ቤት ሠሩ። አምስት ሰዎች አንድ ወር ሙሉ በዚያ ኖሩ፤ በሉ፣ ተኙ፣ ሥራቸውን ሠሩ። ሁለት ሰዎች ደግሞ ሃያ ሰባት ሜትር ያህል ዝቅ ብላ በተተከለች ትንሽ ክፍል ለአንድ ሳምንት ቆዩ። ከዚያ መንደር የተረፈው ብረት ኮራል በቅሎበት እስከ ዛሬ ጠላቂዎች ይጎበኙታል።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንምጣ። የመጀመሪያውና ስመ ጥሩው በ1953 ከዱማ ጋር ያሳተመው "ጸጥተኛው ዓለም" ነው። በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጧል። ከላይ የነገርናችሁ የመመጠኛዋ ታሪክ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው። በዚሁ ስም ከሉዊ ማል ጋር የሠራው ፊልም በ1956 በካን የፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመትም ኦስካር አገኘ። በ1963 "ሕያው ባሕር" የሚለውን፣ ቀጥሎም የሱዳኑን መንደር ታሪክ የያዘውን "ፀሐይ የሌለበት ዓለም" አወጣ። ስለ ሻርኮች፣ ስለ ዓሣ ነባሪዎች፣ ስለ ኮራል የጻፋቸውም ብዙ ናቸው። አብዛኞቹን ከሌሎች ጸሐፊዎች ጋር በመተባበር ነው የጻፈው።

እነዚህን ሥራዎች ስናወድስ ነውራቸውን መደበቅ ግን አይገባንም። ያ ተሸላሚ ፊልም ዛሬ ሲታይ ይሰቀጥጣል። ዓሣ ለመቁጠር ብለው ኮራሉን በፈንጂ ያፈነዱታል። አንድ የዓሣ ነባሪ ግልገል በመርከቧ ተመትቶ ሲቆስል ይገድሉትና፣ ሬሳውን ሊበሉ የመጡትን ሻርኮች ደግሞ በንዴት እየጎተቱ በመጥረቢያና በመሣሪያ ይጨፈጭፏቸዋል። በ1954 ደግሞ ካሊፕሶ በአቡ ዳቢ ባሕር ለነዳጅ ኩባንያ ሥራ የባሕሩን ወለል አጥንታለች። ያው ሰው በ1960 ፈረንሳይ የኒውክሌር ዝቃጭ ሜዲትራኒያን ውስጥ ልትጥል ስታስብ ተነስቶ ተቃወመ፤ ዕቅዱም ቀረ። በ1973 ባሕርን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋመ። በ1990 አንታርክቲካ በማዕድን ቁፋሮ እንዳትነካ ፊርማ አሰባሰበ፤ በቀጣዩ ዓመት አገሮች በማድሪድ ቁፋሮውን የሚከለክል ስምምነት ፈረሙ። ያበላሸውን አይቶ መመለስ የቻለ ሰው ነበር። በእኛ በኩል ይህ ለሰውየው የሚበቃ ክብር ነው፤ ያላደረገውን ልንጨምርለት አያስፈልግም።

ሐዘንም አልቀረለትም። ይተካኛል ያለው ሁለተኛ ልጁ ፊሊፕ በ1979 በሊዝበን አጠገብ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ሲሞን በ1990 አረፈች። ካሊፕሶም በ1996 መጀመሪያ በሲንጋፖር ወደብ ሌላ ጀልባ ገጭቷት ሰመጠች። ኩስቶ ጁን 25 ቀን 1997 በ87 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ሞተ። የስንብቱ ሥርዓት የተፈጸመው በኖትር ዳም ካቴድራል ሲሆን፣ የተቀበረውም በተወለደባት ከተማ ከቤተሰቡ መቃብር ነው። የእህታችን ልጅ ያነበበው ትክክል ነው ማለት ነው።

ታዲያ ሰለመ የተባለው ከየት መጣ? ወሬው በሕይወት እያለ ነው የተነሳው። አንዳንዱ ግኝቱን ለፈረንሳዊው ሐኪም ለሞሪስ ቡካይ ነግሮት፣ ቡካይ የቁርኣኑን አንቀጽ አሳየው ይላል፤ አንዳንዱ ሌላ ሰው ይጠቅሳል። በ1991 የኩስቶ ድርጅት ለዚሁ ጥያቄ በደብዳቤ ሲመልስ ካፒቴኑ እንዳልሰለመና ወሬው መሠረት እንደሌለው አስታውቋል። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሯል፤ ያንን መልስ አላስተባበለም። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ባዘጋጀው የመጨረሻ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ቅዱሳት መጻሕፍትና ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚናገር ምዕራፍ አለ። ሰልሞ ቢሆን ኖሮ የሚናገርበት ቦታ ያ ነበር። ጨረቃ ላይ አዛን ሰምቶ ሰለመ የተባለው ኒል አርምስትሮንግም እንዲሁ ነው፤ እርሱም በሕይወት ሳለ ነገሩ እውነት አለመሆኑን አሳውቋል። በፊት በካሴት ይዞር የነበረው ዛሬ በቴሌግራም ይዞራል።

የሁለቱ ባሕሮች ነገርስ? ይህም ቢሆን ኩስቶ ያገኘው አይደለም። በ1680 አካባቢ ማርሲሊ የተባለ ጣሊያናዊ ኢስታንቡል ሳለ፣ በቦስፎር ላይኛው ውሃ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ታችኛው ደግሞ ወደ ተቃራኒው እንደሚሄድ ከአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ሰማ። በገመድ ላይ ቀለም የተቀቡ ቡሾችን አስሮ ወደ ታች በማውረድም አረጋገጠ። ኩስቶ ከመወለዱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው። ስሙን ከጣሪቅ ኢብን ዚያድ ባገኘው በጀበል ጣሪቅ፣ ማለትም በጂብራልታር ወሽመጥም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። የሜዲትራኒያን ውሃ ፀሐዩ ስለሚያተነው ጨዉ ይበዛል፤ በአንድ ኪሎ ውሃ ከ38 ግራም በላይ ይደርሳል። የአትላንቲክ 36 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ቀላሉ የአትላንቲክ ውሃ ከላይ ይገባል፤ ከባዱ የሜዲትራኒያን ውሃ ከታች ይወጣል። ወጥቶም በአትላንቲክ ውስጥ እስከ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ይወርድና እዚያ ይንሰራፋል። የእኛው ጎረቤት ባብ አል-መንደብም እንዲሁ ነው፤ ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባበትም፣ ከላዩ በዓመት ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ውሃ ይተናል፣ ጨዋማው ውሃውም ከታች ወደ ዔደን ባሕረ ሰላጤ ይወጣል።

ልጆቻችሁ ይህንን በቤት ውስጥ ሊያዩት ይችላሉ። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ብዙ ጨው ይሟሟና በጥቂት የሻይ ቅጠል ውሃ ቀለም ይሰጠው። ከዚያ ንጹሕ ውሃ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ ተደርጎ ይፍሰስበት። ሁለቱ ተነባብረው ለረጅም ሰዓት ይቆያሉ። ግን ማንም ሳይነካቸው ቢቀመጡም እንኳ ቀስ በቀስ ይዋሃዳሉ። ባሕሩም እንዲሁ ነው፤ የሜዲትራኒያን ውሃ በአትላንቲክ ውስጥ ብዙ ርቀት ተለይቶ ይታወቃል፣ በሂደት ግን ይቀላቀላል።

እዚህ ላይ ነው አደጋው። ልጃችን "ሁለቱ ባሕሮች ፈጽሞ አይቀላቀሉም፣ ኩስቶ መስክሯል፣ ቁርኣን ማለት ይህ ነው" ብለን ካስተማርነው በኋላ በሳይንስ ክፍል ውሃዎቹ እንደሚቀላቀሉ ሲማር ምን ያስባል? የተሳሳተው የእኛ ንግግር ሳለ ቁርኣን የተሳሳተ ይመስለዋል። በሱረቱል ፉርቃን (25፡53) አላህ (ሱ.ወ.) ስለ ሁለት ባሕሮች ሲናገር አንደኛው ጣፋጭ፣ ሌላኛው ጨዋማና መራራ መሆኑን ገልጾ በመካከላቸው ግርዶ ማድረጉን ይነግረናል። ሜዲትራኒያንና አትላንቲክ ግን ሁለቱም ጨዋማ ናቸው። ኢብን ከሲር (ረሒመሁላህ) ጣፋጩን የወንዞች፣ የምንጮችና የጉድጓዶች ውሃ፣ ጨዋማውን የታወቁት ባሕሮች፣ ግርዶውን ደግሞ በመካከላቸው ያለው የብስ ምድር ነው ብለው አብራርተውታል። ስለ ሱረቱ-ረሕማን (55፡19-20) አንቀጾችና ስለ ግርዶው ምንነት ሌሎች ሙፈሲሮች ሌላ ማብራሪያ ሰጥተዋል፤ ዛሬም የሚመረምር ይመርምር። ኢብን ከሲር ከሞቱ ስድስት መቶ ሃምሳ ዓመት አልፏል። አንቀጹን ለማመን ጠላቂ መስካሪ አላስፈለጋቸውም።

በሱረቱል ሑጁራት (49፡6) አመጸኛ ሰው ወሬ ይዞ ቢመጣ እንድናጣራ ታዘናል። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ለውሸታምነት ያ ብቻ እንደሚበቃው አስተምረዋል። ለአንድ ሐዲስ ሲሉ ከአገር አገር የተጓዙ፣ ሰነድ መርምረው የታማኙን ከደካማው የለዩ ዑለማእ ልጆች ነን እንላለን። እስልምና የሚያምርልን ወሬ ሲመጣ ግን "ማን ነገረህ?" ማለት የኢማን ጉድለት ይመስለናል። ይህ ለምን ሆነ? በእኛ ግምት ሃይማኖታችን ከፍ የሚለው አንድ ታዋቂ ፈረንጅ ሲመሰክርለት ነው የሚል ስሜት ሳይታወቀን ስለገባብን ነው።

እህታችን፣ አሁን ወደ ጥያቄዎ እንመለስ። ለልጅዎ አባባ አልዋሸም ይበሉት። ዋሸ የሚባለው ሐሰት መሆኑን እያወቀ የተናገረ ነው፤ አያቱ የሰሙትን አምነው ነው ያወሩት፣ ጥፋታቸው አለማጣራት ነው፣ እርሱም የእኛ የኡስታዞቹ ጥፋት ነው። አማትዎንም በልጆች ፊት አያርሙብን። ኩስቶ የሠራውን ያውቃሉና ከዚያ ይጀምሩ። ልጁ ስለ መኪናው አደጋ፣ ስለ ጋዝ መመጠኛዋና በሱዳን ባሕር ሥር ስለኖሩት ሰዎች ያንብብላቸው። ጨዋታው ሲደርስ አንድ ኡስታዝ በደርስ ላይ እንዲህ ብለው ነበር፣ በኋላ ግን ተሳስተናል አሉ ብለው በእኛ ያሳብቡ። እኛም ከዚያ ደርስ በኋላ ለዚያ ጠያቂ ወንድማችን መልሱን ይዘን ስንመጣ፣ ከተቀመጡት አንድ ሸምገል ያሉ አባት "እንግዲያውስ ለስንት ሰው ነገርኩት፣ አሁን ማንን ከየት ሰብስቤ ልመልሰው?" ነበር ያሉን።